ተራ ቁጥር ዘጠኝ

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

ደወሉን በሎሚና በጨው ወለወልኩት። እንደ አዲስ አበራ። የበጎ አድራጎት ክበባችን ማክሰኞ ማክሰኞ መሰብሰብ ከጀመረ አስራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ደወሉም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በእኔ እጅ። ስሜን ትተው «ባለደወሉ» ነው የሚሉኝ።

ዛሬም እንደ ወትሮው። የሆቴሉ ታችኛው አዳራሽ፣ ሻይና ብስኩት፣ ግድግዳው ላይ «ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» የሚለው ጨርቅ፣ አንድ ጥጉ ተላቆ። ከዚያ የደስታ ዙር። ሁሉም በየተራው ይነሳና የሳምንቱን አንድ ደስታ ይናገራል። ደስታ ብቻ! ማማረር የጀመረ ሰው ካለ እደውልበታለሁ፤ ይሳቃል፣ ይቀመጣል። ደንቡን ያወጣሁት እኔው ነኝ… ቀልድ ነበር።

ተራዬ ደረሰ። «ባለቤቴ ትናንት ከዘራ ይዛ እስከ ውጭው በር ሄደች» አልኩ። አጨበጨቡልኝ። ሊቀመንበራችን፣ ፋርማሲስቱ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ምን በር፣ ምን ከዘራ? ከኅዳር ጀምሮ አልጋ ላይ ናት። ስትሮኩ ግራ ጎኗን እንዳለ ወስዶታል።

ሚያዝያ 15

ለምን እውነቱን አልተናገርኩም? ከታመመች በኋላ በመጀመሪያው ማክሰኞ ልናገር ብዬ ተነስቼ ነበር። የክበባችን አባል የሆነው መካኒክ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ከስድስት ዓመት በፊት እሱ ተነስቶ «እናቴ…» ሲል ሊያማርር ነው ብዬ ደወልኩበት። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እሱም ፈገግ ብሎ ተቀመጠ። እናቱ ሞታ እንደነበር በማግስቱ ነው የሰማሁት። ይቅርታ እንኳ አልጠየቅኩም… አፈርኩ።

ታዲያ እኔ በምን አፌ? «ተመስገን፣ ቀለል ብሏታል» አልኩና ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ ውሸት ውሸትን ወለደ። በጥር አስቀመጥኳት፣ በየካቲት አቆምኳት፣ በመጋቢት ከዘራ ሰጠኋት። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ያለችው ሚስቴ ድናለች።

ሚያዝያ 19

ጎረቤታችን ነርሷ መጣች። ገና ከመግባቷ፣ «ጋሼ፣ እትዬን ለተሽከርካሪ ወንበር አስመዝግቤያታለሁ» አለችኝ።

«የት?»

«እናንተው ዘንድ ነዋ! አስራ ሁለት ወንበር ልትሰጡ አይደል? ለራስ መጠየቅ ይከብዳል ብለን በጤና ጣቢያው በኩል ላክነው።»

«ብለን?» ዞር ስል ባለቤቴ ትራሷ ላይ ሆና ትስቃለች። ለካ መክረውብኛል። «እሱማ ስለ ሰው ሲሆን ነው አፍ ያለው» አለች።

እሷ የምትፈልገው ብዙ አይደለም። ትምህርት ቤቱ ከበራችን ፊት ለፊት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አንደኛ ክፍል አስተምራበታለች። ልጅ አልወለድንም፤ «የኔዎቹ» የምትለው እነሱን ነው። ከሰዓት በኋላ ሲለቀቁ በሩ ላይ ተቀምጣ ልታያቸው… በቃ። መስኮቱ ከፍ ያለ ስለሆነ ከአልጋዋ የሚታያት ሰማይ ብቻ ነው። በጥር ሁለት ቀን ተሸክሜ አውጥቻታለሁ። በሦስተኛው ቀን ወገቤ ከዳኝና ሁለታችንም ኮሪደሩ ላይ ወደቅን። ከዚያ በኋላ «አውጣኝ» ብላኝ አታውቅም።

ሚያዝያ 28፣ ማክሰኞ

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

አቶ አንቀጽ (ጠበቃው ነው፣ ያለ አንቀጽ አይናገርም) የወንበር ጠያቂዎቹን ዝርዝር አነበበ። «ተራ ቁጥር ዘጠኝ። ጡረተኛ መምህርት። ግራ ጎን ሽባ…» ቆም አለ። መነጽሩን አውልቆ ወረቀቱን አስጠጋ። «ይሄ አድራሻ የባለደወላችን ቤት አይደለም እንዴ?»

ሁሉም ዞሮ አየኝ።

«የሱ ባለቤትማ እየሄደች ነው፤ ባለፈው ሳምንት ደረጃ ወጣች አላለንም?» አለ ፋርማሲስቱ። ጥርስ ሐኪሙ ደግሞ፣ «የሰው ነገር! በጨዋ ሰው ስም ወንበር ሊበላ!» ብሎ ሳቀ።

አሁን ተናገር፣ አሁን፣ አልኩ በሆዴ። አፌ ግን «ስህተት ነው። ሰርዙት» አለ። ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ! የራሴን ሳቅ ሰማሁት።

አቶ አንቀጽ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም… የኔ ደግሞ ወለምታም አይደለም፣ ስብራት ነው።

ሚያዝያ 29

«የወንበሩ ነገርስ?» አለችኝ። «እየታየ ነው» አልኳት።

ግንቦት 8

ጸጉሯን አሳጠበች። ሰማያዊ ሹራቧን ከሳጥን አስወጥታ ወንበር መደገፊያ ላይ አሰቀለች። «በር ላይ ስቀመጥ ልጆቹ አሮጊት እንዳይሉኝ» አለች። አሮጊት አይደለሽም ወይ አልኳት። በደህና እጇ ትራስ ወረወረችብኝ።

ዘጠኝ ተኩል ላይ የትምህርት ቤቱ ደወል ተደወለ። ከዚያ ጫጫታው። ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። «ያ የሚሮጠው ጫማው አልታሰረም» አለች። በምን አወቅሽ? «ይሰማል እኮ።»

ወጥቼ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሂድና ንገራቸው፣ ገና ጊዜ አለ… አልሄድኩም። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ

ርክክብ። አስራ ሁለቱ ወንበሮች ላስቲካቸው ሳይላጥ ተደርድረዋል። ፎቶ፣ ንግግር፣ ፎቶ። ስም የምጠራው እኔ።

ተራ ቁጥር ዘጠኝ ላይ የተተኩት አንድ ጫማ ሰፊ ሽማግሌ ናቸው። ሲቀመጡ እጄን ጭምቅ አድርገው ያዙኝ። «ዕድሜ ይስጥህ፣ ወንድሜ።» ለሳቸው ይገባቸዋል፤ አንዳች ቅር አይለኝም። ግን እጄን መንጠቅ አማረኝ።

ቤት ስገባ ሰማያዊውን ሹራብ ለብሳ ነበር። ዛሬ ርክክብ መሆኑን ነርሷ ነግራታለች። እጄን አየች፣ ከኋላዬ ያለውን በር አየች። «የኔ በመኪና ነው የሚመጣው?»

«ለሁሉም አልደረሰም» አልኳት።

«አይ እንግዲህ… ከኔ የባሰበት ይኖራል» አለች። ሹራቡን እንዳወልቅላት ክንዷን ሰጠችኝ።

ግንቦት 20

ነርሷ ክበቡን ጠይቃ ኖሮ የጠያቂዎቹን ዝርዝር ይዛ መጣች። ተራ ቁጥር ዘጠኝ፤ በቤተሰብ ጥያቄ ተሰርዟል። እሷ ምን አጠፋች፣ የጽሕፈት ስህተት መስሏት ነው ጮክ ብላ ያነበበችው።

ባለቤቴ ነርሷ እስክትወጣ ጠበቀች።

«ቤተሰቤ አንተ ብቻ ነህ» አለችኝ።

ሁሉንም ነገርኳት። ከዘራውን፣ ደረጃውን፣ ጭብጨባውን። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ብትሰድበኝ ምን አለበት?

ግንቦት 24

አራት ቀን። «ውሃ»፣ «አገላብጠኝ»፣ «በቃ»። ሌላ ቃል የለም።

ግንቦት 26፣ ማክሰኞ

ተራዬ ሲደርስ ተነሳሁ። «ሚስቴ አትሄድም» አልኩ። «ከኅዳር ጀምሮ ቆማ አታውቅም። ተራ ቁጥር ዘጠኝ እሷ ነበረች። ያሰረዝኳት እኔ ነኝ።»

ጥርስ ሐኪሙ በሳቅ ጠረጴዛውን መታ። «ደወሉ! በራሱ ይደውልበት!» አዳራሹ ተንጫጫ። ቀልድ መሰላቸው… ምን ያድርጉ፣ እኔ አይደለሁ ያስተማርኳቸው? ደወሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ያን ጊዜ ዝም አሉ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከንም?» አለ ፋርማሲስቱ። አቶ አንቀጽ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ቀጣዩ ወንበር ለመጪው ዓመት መሆኑን አስረዳ።

ደረጃው ላይ መካኒኩ ደረሰብኝ። ሆስፒታሉ ጓሮ የተጣለ አሮጌ ተሽከርካሪ ወንበር እንዳለ፣ ሊጠግነውም እንደሚችል ነገረኝ።

«ያን ጊዜ… እናትህ…» አልኩት።

«ተወው፣ ጋሼ። ልኳን ስጠኝ።»

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

ጎማው ልክ አልመጣ አለ። መካኒኩ ሌላ እየፈለገ ነው። ማታ ማታ ከሥራ በኋላ ነው የሚነካካው፣ ምን ልለው እችላለሁ? ስብሰባ አልሄድኩም። በአስራ ዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያዬ። ያን ቀን መልሼ ያመጣሁት ደወልም እቤት ቀርቷል።

ሰኔ 21

ትናንት ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ልጆቹ እየዘፈኑ ወጡ። ከአልጋዋ ሰማች። «እስከ መስከረም» አለች። ሐኪሙ «መስከረምን ላትደርስ ትችላለች» ያለኝን ባልሰማ ይሻለኝ ነበር።

ሐምሌ 2

ወንበሩ መጣ። አንዱ ጎማ ከሌላው ይሰፋል፣ ወደ ግራ ይስባል። መካኒኩና እኔ አነሳናት። ቀልላለች… ከትራሷ ብዙም አትበልጥም። ሹራቡን አለበስኳት፣ ትከሻዋ ላይ ተንሸራተተ።

በሩ ላይ አቆምኳት። ዘጠኝ ተኩል ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። መንገዱ ባዶ። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ሰንሰለትና ቁልፍ።

መንገዱን ወዲህና ወዲያ አየች። ከዚያ፣ «ያንን ደወልህን አምጣው» አለችኝ። በአርባ ሁለት ቀን ውስጥ ይህን ያህል ቃል ከአፏ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ሮጬ አመጣሁላት። በቀኝ እጇ ያዘችው፣ ክብደቱን ሞከረች፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በትምህርት ቤቱ እንደለመደችው ከፍ አድርጋ ደወለች። ሁለቴ። ሦስቴ። መካኒኩ ፊቱን አዞረ።

ማንም አልወጣም።

ደወሉን ጭኗ ላይ አስቀመጠችውና ሰንሰለቱን አየች። «ሦስት ሳምንት ብቻ ቀድመህ ብትናገር» አለች። ድምጿ ውስጥ ቁጣ እንኳ አልነበረበትም።

ከዚያ በረደኝ አለች፤ አስገባኋት።