የሴት አያቴ ስም

ፖርት ሰይድ፣ ኢድ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሰኞ

እማዬ፣ የአይኔ ብርሃን፣

ደህና ነሽልኝ? ትንሿ እህቴ ሀያምስ፣ የፊት ጥርሷ በቀለላት? እኔማ ምን እሆናለሁ። በዚህ ሰፈር እኔን የሚያክል ስልክ ሰሪ የለም። ጎረቤታችን መሀንዲሱ እንኳን ስልኩን ባህር ውስጥ ጥሎ ለኔ ነው ያመጣው። "ሸውቂ፣ ይሄ ሞቷል" ሲለኝ፣ "እኔ ጋ የሚሞት የለም" አልኩት። ተነሳለት።

ምነው በወረቀት ጻፈ ትያለሽ። ፊደሌ ዶሮ የጫረው እንደሆነ ታውቂያለሽ። ግን ስልክሽን አትመኚው። እኔንም።

ከአባዬ ጋር ከተለያያችሁ በኋላ እሱ ሱቄ መጣ። "የልጄ ናፍቆት ሊገድለኝ ነው፤ ፎቶዋን ብቻ ልይ፣ የእናትህን አካውንት ክፈትልኝ" አለኝ። የያዝኩትን ስልክ መፍታት ስቀጥል፣ "ወይስ አትችልም?" አለኝ። እኔን ነው እንዲህ የሚለኝ።

የይለፍ ቃል ረሳሁ የሚለውን ስነካ፣ "የእናትሽ ስም ማነው?" ብሎ ጠየቀ አካውንቱ። እዚህ ሰፈር ወንድ የእናቱን ስም ሰው ፊት አይጠራም፤ ደንበኞቼ እንኳን ጆሮዬ ስር ገብተው ነው የሚያንሾካሽኩልኝ። አባዬም አያቴን፣ እናትሽን፣ በክብር "ሀጃ" ከማለት ሌላ ጠርቷት አያውቅም። አንቺም ማን ያውቀዋል ብለሽ እውነቱን ጽፈሻል። ቀድሪያ ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው ተከፈተ። አባዬ "አንበሳ" ብሎ ሻይ ጋበዘኝ።

በሳምንቱ "በሯ አረንጓዴ ነው" እያለ እየሳቀ ገባ። ፎቶዎቹ ላይ በር አልነበረም። ያኔ ገባኝ፤ በአካውንቱ ስልክሽ ያለበትን ቦታ ነው ሲያይ የከረመው። የቀረውን አክስቴ ሰፊናዝ ነገረችኝ፦ በሩን እንዴት እንደደበደበው፣ ሀያም አልጋ ስር እንደገባች፣ በማግስቱ ቤት እንደቀየራችሁ። "ማን ከፈተለት?" ስትለኝ "እኔ እንጃ" አልኳት። እሷን ዋሸሁ፤ አንቺን አልዋሽም።

አሁን ስሚኝ። ያንን አካውንት ተይው፤ አዲስ ክፈቺ። የእናትሽን ስም ሲጠይቅሽ እኔ የማላውቀውን ጻፊ። ከፈለግሽ የአሳ ስም ጻፊ። ይሄን ወረቀት አክስቴ በእጇ ታደርስልሻለች፤ ወዴት እንደምትወስደው አልጠየቅኳትም።

ዘንድሮ የኢድ ብስኩት ከሱቅ ገዛን፤ አፈር አፈር ይላል። የቤት ቀሚስሽ ምስማሩ ላይ እንዳለ ነው። አላጠብኩትም፤ ውሃ ጠፍቶ ነው።

አንድ ቀን ደውዬ "እማዬ፣ የት ነሽ?" ካልኩሽ፣ ባለቅስም እንዳትነግሪኝ። አባዬ አጠገቤ ቆሞ ይሆናል።

አላህ በርሽን ይጠብቅልሽ፤ ቀለሙ ምንም ይሁን ምን።

ልጅሽ ሸውቂ፣
የፖርት ሰይድ አንደኛ ስልክ ሰሪ