ፊቱን ወደ እንግዶች ስላዞረው የነርቭ መቆጣጠሪያ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ሁለቱም እጆችዎም ደኅና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ።

ቀጥዬ አንድ ወሬ ላርም። በከተማው “አሮጊቷ ሥራ አስኪያጁን በከዘራ መታችው” እየተባለ ነው። ሐሰት ነው። የመታሁት የሕክምና ክፍሉን መስታወት ነው። እርስዎ አጠገቤ ቆመው ሳለ ከዘራዬ ወደ መስታወቱ መሄዱ የአስተዳደጌ ውጤት ስለሆነ፣ ምስጋናው ለወላጆቼ ነው።

ነገሩን ላላዩ የዚህ ግልጽ ደብዳቤ አንባቢዎች ባጭሩ ልናገር። ታናሽ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። በጭንቅላቷ ውስጥ ሁለት የደም ሥሮች እንደ ፊኛ አብጠው ተገኙ። ሐኪሞችዎ የራስ ቅሏን ሳይከፍቱ፣ በብሽሽቷ በኩል ቀጭን ቱቦ እስከ አንጎሏ አድርሰው አንዱን ሊደፍኑላት ወሰኑ። በማደንዘዣ ተኝታ ስለምትቆይ “እጄ ደነዘዘ” ብላ መናገር አትችልም። ስለዚህ በእጆቿና በራሷ ላይ ሽቦ ይለጠፍና መሣሪያው ነርቮቿ መልእክት ማስተላለፋቸውን በስክሪን ላይ በመስመር ያሳያል። መስመሩ ከወደቀ ደም ወደ አንጎሏ ሳይደርስ ቀርቷል ማለት ነውና ሐኪሙ ወዲያው ቱቦውን ወደ ኋላ ይመልሳል። ይህን ያስረዱኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ በማስረዳትስ ማንም አይደርስብዎትም።

እንግዲህ ቅሬታዎቼ እነሆ፦

1. በዚያ ቀን መሣሪያውን ሊያዩ የመጡ እንግዶች ስለነበሩዎት፣ ስክሪኑ ፊቱን ወደ ኮሪደሩ መስታወት እንዲያዞር አዘዙ። ሐኪሙ ቀና ባለ ቁጥር የሚያየው የስክሪኑን ጀርባ ነበር። ጀርባው ያማረ መሆኑን አልክድም።

2. የማስጠንቀቂያው ድምፅ ንግግርዎን እንዳያውክ ተዘጋ። ንግግርዎን አንድም ቃል ሳያመልጠን ሰማነው። ያልሰማናት እህቴን ብቻ ነው።

3. መሣሪያውን እንዲከታተል የተቀጠረውን ባለሙያ ከክፍሉ አስወጥተው ከእንግዶቹ ጋር ለፎቶ አሰለፉት። ፈገግ በል ሲሉት ፈገግ አለ፤ ታዛዥ ሰው ነው።

4. ይህኛው ረዘም ይላል። እኔን እንደ ቤተሰብ ከእንግዶቹ ኋላ አስቀምጠውኝ ነበር። ሲዘል የቆየው የቀኝ እጇ መስመር እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ሲጋደም አየሁ። “ይህ መስመር ምን ሆኖ ተኛ?” ብዬ ብጠይቅዎ፣ ወደ እንግዶቹ ዞር ብለው “አይዞዎት እማማ፣ ነርቭም እንደ ሰው ያርፋል!” አሉ። እንግዶቹ ሳቁ፤ አንዱማ አጨበጨበ። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት፣ የማያውቀውን እንደሚያውቅ ሆኖ የመለሰ ልጅ ዝም ካለው እጥፍ ይገረፍ ነበር። እርስዎ የተማሩበት ለልጆች ርኅሩኅ እንደነበር ይታያል።

መስታወቱን የመታሁት ያን ጊዜ ነው። ሐኪሙ ደንግጦ ቀና አለ፤ ጣቴን ተከትሎ ስክሪኑን አስዞረና ቱቦውን መለሰ። እግሯና አንደበቷ ተረፉ። ቀኝ እጇ አልተረፈም።

ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ልብስ ስትሰፋ የኖረችውን ሴት፣ ዛሬ የቀሚሷን ቁልፍ የምቆልፍላት እኔ ነኝ። እርስዎም በደግነትዎ ሊጠይቋት መጥተው ቀኝ እጅዎን ለሰላምታ ዘርግተው ጠበቁ። ትንሽም አልቸኮሉ። ትዕግሥትዎ የሚደነቅ ነው።

ሁለተኛው እብጠት የሚደፈነው ነገ ጠዋት ነው። ካልተደፈነ ይፈነዳል ተብለናልና ምርጫ የለንም። የቀራት አንድ እጅ ነው። ጽሕፈት ቤትዎ ግን ነገም እንግዶች እንደሚኖሩ ጠቅሶ፣ ለእኔም ከመስታወቱ ኋላ የክብር ወንበር መያዙን አሳውቆኛል። ስለ ክብሩ ምስጋናዬ ይድረስዎ። የምለምንዎት ትንሽ ነገር ነው፦ ስክሪኑ ወደ ሐኪሙ ይዙር፣ ድምፁ ይከፈት፣ ባለሙያው ወንበሩ ላይ ይቀመጥ። እንግዶቹ እርስዎን እያዩ ይቆዩ፤ ከእርስዎ የሚበልጥ ትርዒት ከየት ይመጣል?

ለንግግር ችሎታዎ ካለኝ አድናቆት፣ ለዝምታዎ ደግሞ ካለኝ ታላቅ ናፍቆት ጋር፣

የልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህት

ማስታወሻ፦ ነገ የማደርገውን አስቀድሜ ላሳውቅዎ፤ ድንገተኛ ነገር እንደማይወዱ አይቻለሁና። መጀመሪያ የእህቴን ቀሚስ ቁልፎች እፈታለሁ። ቀጥሎ ግራ እጇን ጨብጬ እስከ በሩ እሸኛታለሁ። ከዚያ ስክሪኑ ወዴት እንደዞረ አያለሁ። ወደ ሐኪሙ ከሆነ በክብር ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ዝም እላለሁ። ወደ እርስዎ ከሆነ ግን ከዘራዬ አብሮኝ አለ፤ መስታወቱ ደግሞ ምንም አላጠፋም።