የአባባ ሄልሜት እና ቦታ የለወጠው ቤት

ለተከበርከው ወንድሜ ለበርናባስ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ቤተሰቡን በብርቱ ያሳሰበ ጉዳይ በይፋ አሳውቅሃለሁ፦ ቀይዋ ዶሮ የአባባን ቢጫ ሄልሜት በኃይል ተቆጣጥራ እንቁላሏን ታቅፋበታለች። ድርድር ተሞክሯል። ተደራዳሪዋ እኔ ስለነበርኩ አውራ ጣቴን ተነቁሬ ተመልሻለሁ።

ሰላምታው ይኸው ይከተላል። እንደምን ሰንብተሃል? ወገብህስ? የዶሃ ሙቀት አቀለጠህ ወይስ ኤሲው አደረቀህ? ባለቤትህ ለሊሴስ እንዴት ናት? ልጃችሁ አቡሽስ አሁንም ሩዝ ካልሆነ አልበላም ይላል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከእማዬ ጉልበት፣ ከከተማው ቤንዚንና ከእኔ ባል በቀር የጎደለ ነገር የለም። ይህን ሁሉ በስልክ መንገር ይቻል ነበር፤ እማዬ ግን «የስልክ ወሬ ይበናል፣ ወረቀት ያዢ» ስላለችኝ ያዝኩ።

ባለፈው ደውለህ ያ የቀርከሃ ቤት በምስጥ አልቋል፣ አፍርሱትና ለዩኒቨርሲቲ መምህራን የሚከራይ ሰርቪስ እንሥራበት ያልክ ዕለት፣ እማዬ ስልኩን ዘግታ ጓዳ ገባች። አባባ ካረፉ ወዲህ ጧት ጧት የምትቀመጠው እዚያ ቤት ደጃፍ መሆኑ ከሩቅ አይታይህም። እኔ ግን ሁለታችሁም እውነት ስላላችሁ ጨነቀኝ፤ ቤቱ ዘምሟል፣ የበልጉን ዝናብ አይችልም።

መቼም ትዝ ይልሃል። አባባ የዶርዜ ሸማኔ ልጅ ናቸውና፣ ነዳጅ ፍለጋ ኦጋዴን በረሃ ሲኖሩ የሚናፍቁት የአያታችንን ዓይነት ቤት ነበር። ቀርከሃውን ከጨንቻ በኩል አስጭነው ግቢያችን አስተከሉት። ምስጥ እግሩን በበላው ቁጥር የተበላው ይቆረጥና ጎረቤት ተሰብስቦ አንሥቶ ሌላ ቦታ ይተክለዋል፤ ቤቱም በዚያው ልክ ያጥራል። አባባ በሩ ላይ እያጎነበሱ «መሥሪያ ቤት ያላስተማረኝን ትሕትና ይኼ ቤት አስተማረኝ» ይሉ ነበር።

መሐንዲስነታቸው ደግሞ መቼ ጡረታ ወጣ! ሰፈር ውስጥ ሽንት ቤት የሚያስቆፍር ሰው ካለ ሳይጠሩ ይሄዱና፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክከው አፈሩን አሸት አሸት አድርገው ወደ አፍንጫቸው ያስጠጋሉ። «ኢንጂነር፣ ተገኘ?» ሲሏቸው፣ ለጊዜው ምልክት የለም ብለው በቁም ነገር ይመልሳሉ። ቤንዚን በጠፋ ሰሞንማ መውጫ አልነበራቸውም። ባለ ባጃጁ ደግፌ አስቁሟቸው «ጋሼ ገነነ፣ እርስዎ እያሉ ቤንዚን በሃይላንድ ስንገዛ ትንሽ አያፍሩም?» ሲላቸው፣ ራሳቸው የደበቁት ይመስል ይቅርታ ይጠይቁት ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ቆፍረው አንዲት በርሜል ሳያወጡ ቀሩ። ያንተን የዶሃ ነዳጅ ማውጫ ፎቶ ባዩ ጊዜ ግን ምን አሉ መሰለህ? «ሙያው የእኔ ነው፤ እሱ ቦታውን ነው የመረጠው።»

ለእኔ ከበረሃ የሚያመጡልኝ በመሐረብ የተቋጠረ አሸዋ ነበር። ለሌላው ልጅ ከረሜላ ይመጣል፣ ለኢንጂነር ልጅ አሸዋ። ጸጉሬንም የሚጎነጉኑልኝ እሳቸው ነበሩ፤ ሲጨርሱ ራሴ ላይ ቱቦ የተዘረጋ ይመስል ነበር። አሁን ያንን ጉንጉን የሚችልበት ሰው አጥቼ አጭር ተቆርጫለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ታዲያ፣ አንተን ሳላስፈቅድ፣ ጎረቤቱንና የቤተ ክርስቲያናችንን ወጣቶች ጠርቼ ቤቱን ወደ ማንጎው ሥር እንዲያሻግሩልን ለመንኩ። መጡ፣ የተበላውን ቆረጡ፣ ዙሪያውን ያዙ። የሚያነሣ ግን ጠፋ። ሁሉም ቆሞ እርስ በርሱ ይተያያል። ምን ሆናችሁ ብል፣ ደግፌ አንገቱን ደፍቶ «መመሪያው አልተነገረማ» አለኝ። እውነቱን ነው። አባባ የነዳጅ መቆፈሪያ ማማ የሚነሣ ይመስል ሰዉን አሰልፈው የደኅንነት ንግግር ሳያደርጉ አንዲት ቀርከሃ አስነክተው አያውቁም። ሲስቅባቸው የኖረው ሰው ሁሉ አሁን ያለዚያ ንግግር እጁ አልነሣ አለ።

ያኔ እማዬ ከቤቱ ውስጥ ብቅ አለች። አባባ ካረፉ ጀምሮ ከተሰቀለበት ሚስማር ላይ አቧራው እንኳ እንዳይነካ የከለከለችውን ሄልሜት፣ ከነጠላዋ በላይ ደፍታዋለች። ማንም አልሳቀም።

«ክፍት ጫማ ያደረገ ይውጣ» አለች። «ከሚስቱ ተጣልቶ የመጣ ከኋላ ይያዝ፤ ሐሳቡ እዚህ የለም። ደግሞ ስሙኝ፣ እኔ እዚህ ጀግና አልፈልግም። ማታ ቤቱ ገብቶ ራቱን የሚበላ ሰው ነው የምፈልገው።»

ቃል በቃል የአባባ ነው። ደግፌ ከፊት ለቆ ወደ ኋላ ዞረ።

ቤቱ ተነሣ። እንደ ዝሆን እየተወዛወዘ ግቢውን አቋርጦ ማንጎው ሥር ዐረፈ። እማዬ ቤቱ የለቀቀውን ባዶ መሬት ዞር ዞር ብላ ረገጠችውና «ለወንድምሽ ጻፊለት፤ ሰርቪሱን እዚህ ይሥራ። አፍርሱት አለ እንጂ ፈቀቅ አድርጉት ቢል መቼ እምቢ አልኩት» አለች።

እማዬ ትስማችኋለች፤ ለሊሴን ሁለቱንም ጉንጯን፣ አቡሽን ግንባሩን፣ አንተን አኩርፋህ ስለነበር አንዴ ብቻ። ደግፌ ከሚስቱ ታርቆ ሰላም ብሎሃል። ማንጎው ሳያልቅ ኑ። በሩ አሁን አንተንም ያስጎነብስሃል።

እህትህ ዕድላዊት ገነነ
አርባ ምንጭ፣ ሴቻ
መጋቢት ፲፱ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

ማረሚያ፦ በዚህ ደብዳቤ መግቢያ ላይ ቀይዋ ዶሮ ሄልሜቱን «በኃይል ተቆጣጥራ» ተብሎ የተገለጸው ስሕተት ሆኖ ስለተገኘ እንደሚከተለው ታርሟል። ቅዳሜ ማታ ሄልሜቱን ከራሷ አውርዳ፣ ገለባ ጎዝጉዛ፣ ዶሮዋን በገዛ እጇ ያስታቀፈችው እማዬ ናት። ምክንያቱን እንድትገልጽ ተጠይቃ «አባትሽ መቼ ሥራ መፍታት ይወድ ነበር» ስትል መልሳለች።