ወንዱም ይመርመር ያልኩ ዕለት

ታኅሣሥ 12፣ ረቡዕ፣ ከት/ቤት መልስ

ልጅ ሳይመጣ ሲቀር ጥፋቱ የማን ነው? ዛሬ ዘጠነኛ ክፍልን ጠየቅኳቸው። ግማሹ የሴቷ አለ፤ ግማሹ ዴስክ ሥር ተደፍቶ ሳቀ። ሰሌዳ ላይ ሁለቱንም ሣልኩ። ሴቷ፦ ከእንቁላል እጢዋ በየወሩ ብዙውን ጊዜ አንዲት እንቁላል፣ በቀጭኑ የማህፀን ቱቦ። ወንዱ፦ ከዘር ፍሬው ባለ ጭራዎቹ፣ እልፍ አእላፍ፣ እዚያው ቱቦ ለመድረስ የሚሽቀዳደሙ። አንዱ ከገባላት ፅንስ፤ ወርዶ ማህፀን ላይ ይጣበቃል። ከሁለቱ ባንዱ በኩል ችግር ካለ ላይሆን ይችላል። ከኋላ አንዱ፦ «ቲቸር፣ ወንድም ይመክናል እንዴ?» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ማስታወሻዬ፣ እዚህ ወገዳ ለማስተማር ከተመደብኩ እንደዛሬ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ታኅሣሥ 13፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት

ቤት። የአከራዬ የእትዬ ብርቄ ልጅ ይበልጣልና ሚስቱ አስናቀች እዚሁ ግቢ ናቸው። ከተጋቡ ቆዩ፤ ልጅ የለም። እሑድ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ሊያፋታቸው። ጠበሉንም ስለቱንም የዞረችው እሷ ብቻ። እሱን ማንም የትም አልላከው።

ምስር እየለቀምን እትዬ ብርቄ አወጉኝ፦ ይበልጣል ጎረምሳ ሳለ ጆሮ ደግፍ ይዞት፣ ሕመሙ ወደ ታች ወርዶ፣ ፍሬው አብጦ ሰንብቷል። ለማንም እንዳትናገሪ ልጄ አሉኝ። ደነገጥኩ። እንዲህ ያለው አንዳንዴ የወንዱን ዘር ያደክማል። ሁሌ አይደለም! ያለ ምርመራ አይታወቅም።

ታኅሣሥ 14፣ ዓርብ

አውድማ። ይበልጣልን ገብስ እየወቃ አገኘሁት። ቀስ ብዬ አንተም ተመርመር አልኩት። አፈረ። ከዚያ በሬዎቹን እያየ ጠየቀኝ፦ ወንድነቱ ደህና የሆነ ሰው ዘር ያጣል? ሊያጣ ይችላል፣ ሁለቱ ለየብቻ ናቸው አልኩት። ምርመራውስ አለኝ። ዘሩን በትንሽ ዕቃ ይሰጣል፣ በማይክሮስኮፕ ያዩታል አልኩት።

«በዕቃ?! ኧረ አስተማሪዋ፣ ጉድ ነሽ!» ብሎ በመንሹ ገለባ በተነብኝ።

ሳቁ ሲያልፍ ግን ማክሰኞ ደ/ታቦር ሆስፒታል እሄዳለሁ አለ። ከአስናቀች በቀር ማንም ሳይሰማ። እሑድ ሽማግሌዎቹን ቀን እንዲሰጡት ይለምናል። ዝም እንድል አስማለኝ። ማልኩ።

ታኅሣሥ 16፣ እሑድ፣ 10 ሰዓት

ምነው አፌን በቆረጠው።

ሽማግሌዎቹ ባሕር ዛፉ ሥር፤ የንስሐ አባታቸው አባ ፈንቴ መሐል። እኔ ጠላ ላቀርብ ነበር የወጣሁት። አንዱ ሽማግሌ ዘር አስጨራሽ አላት፤ ፊት ለፊቷ። አስናቀች ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ይበልጣል ቀን ሊለምን አፉን ሲከፍት ቀደምኩት። እሱም ይመርመር አልኩ። ጆሮ ደግፉን፣ እብጠቱን፣ ሁሉንም። በእናቱ ፊት፣ በንስሐ አባቱ ፊት፣ ያውም ክፍል ውስጥ በማስተምርበት ድምፅ።

ከወደ ዳር ሳል የመሰለ ሳቅ ተሰማ። ይበልጣል ጋቢውን አጣፍቶ ወጣ። እትዬ ብርቄ ፊታቸውን አዞሩብኝ። አስናቀች ረቡዕ አርብ ገበያ ከተማ ወዳለው አባቷ ቤት ትመለስ ተብሎ ሽማግሌው ተበተነ።

ያልኩት እውነት ነው። እውነት መሆኑ ምን ረባት?

ታኅሣሥ 17፣ ሰኞ፣ ጠዋት

አስናቀች ደጄ ላይ ቆመች። «አንቺ ልጅ፣ እሱኮ እሺ ብሎ ነበር። አሁን በምን ፊቱ ይሂድ? መኪና ላይ ሲወጣ ያየው ሁሉ ሊሳለቅበት!» አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። አንቺስ ትመረመሪያለሽ ወይ አልኳት። እሱ ከሄደ፣ አለች።

ያው ቀን፣ 11 ሰዓት

አባ ፈንቴን ሽሽት በማዶ ላልፍ ስል ጠሩኝ። አልተቆጡም። ነገሩ ነውር የለውም፣ ቦታው ነው እንጂ አሉ። ነገ ሁለቱም ለምርመራ ከሄዱ የረቡዑን መመለሷን እስከ ገና ያቆዩልኛል። ያስኮረፍሽውን አንቺው አምጪው፣ አሉ።

እትዬ ብርቄ እግር ላይ ወደቅኩ። «ተነሺ፣ አቧራ ነው» ብቻ። ይበልጣል ከትናንት ጀምሮ አውድማ ነው፤ ስልክ አያነሳም። መልእክት እየጻፍኩ እያጠፋሁ፣ በመጨረሻ ይኼን ላክሁ፦

«ይበልጣል፣ የማልኩልህን ያፈረስኩ እኔ ነኝ። ትናንት በተናገርኩበት ቦታ ቆሜ፣ በሽማግሌዎቹ ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ነገ በመጀመሪያው መኪና ለሁለታችሁ ቦታ ይዣለሁ። አስናቀችም ትመረመራለች፤ ለብቻህ አይደለህም። እኔ ነይ ካላልከኝ እቀራለሁ። መሄድህን ብቻ መልስልኝ።»