የባለ ዝሆኑ ራኬት ዋጋ

ሰኞ፣ ኅዳር 9። ከቀኑ 11 ሰዓት።

የግራ እግሬ ካልሲ ዛሬም ወረደ። አቤቱታዬን ያዝልኝ፣ ማስታወሻዬ። ሌላ ምንም የሚያስመርረኝ ነገር የለም። ጉልበቴ ደህና፣ ወገቤ ደህና፣ ገበያው ደህና። ካልሲው ብቻ ነው። ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጀምሮ ተረከዜ ሥር ተጠቅልሎ ዋለ። መርካቶ ውስጥ ደግሞ ጎንበስ ብሎ ካልሲ መሳብ የማይታሰብ ነው። ጎንበስ ያለ ሰው ላይ ወይ ኩሊ ይወጣበታል ወይ አህያ።

ውሸቴን ነው። ጉልበቴም አሞኛል።

ሰዓት ጠጋኝ ነኝ ብዬ ሱቅ ያለኝ እንዳይመስልህ። በሰው በረንዳ ላይ የቆመች የመስታወት ሣጥን፣ አንድ ዱካ፣ አንድ ማጉያ መነጽር። ሥራውን ማንም አላስተማረኝም። ፈትቼ መግጠም ያቃተኝን ሁሉ እያየሁ ለመድኩት። ዛሬ ግን አንድም ሰዓት አልነካሁም። ስዞር ዋልኩ። የፒንግ ፖንግ ራኬት ፍለጋ። በዚህ ዕድሜዬ።

ነገሩ የጽጌ ነው። የታላቅ ወንድሜ ልጅ፣ ታይፒስት ናት። ከሥራ ስትወጣ ክበብ ገብታ ፒንግ ፖንግ ትጫወታለች፤ ትችልበታለችም። ቅዳሜ ኅዳር 21 ማጣሪያ አለ። ያሸነፉት አሥመራ ሄደው ይጫወታሉ። እሷ የያዘችው ራኬት ከክበቡ የተዋሰችው ነው፤ ጎማው አልቆ ራሰ በራ ሆኗል። ባለፈው ማጣሪያ ያሸነፈቻት ልጅ ግን ከጎማው ሥር ስፖንጅ ያለው ነበር የያዘችው። ኳሱ ስፖንጁ ውስጥ ሰመጥ ይልና እንደ ቁንጫ ይዘላል አለችኝ። ስትነግረኝ እጇ ሳይቀር ይዘላል።

አባቷ ጋሼ ደምሴ እህል በረንዳ ጤፍ ይነግዳል። ደመወዟን የሚይዝላት እሱ ነው። ለእንጨት ጭልፋ ሳንቲም አላወጣም አለ፤ አለቀ። ልጅቱ በአባቷ ፊት ቃል አትመልስም፤ መጥታ ለኔ ነገረችኝ። እኔ ግን አፌ አያርፍ። ራኬቱን እኔ እገዛልሻለሁ፣ ይዘሽው ትገቢያለሽ አልኳት። ለዚሁ ብዬ አሥራ አምስት ብር ለይቻለሁ።

ደክሞኛል። የዋጋውን ነገር ነገ።

ማክ.፣ ኅዳር 10። ከሰዓት በኋላ፣ ሥራ የለም።

መርካቶ የፋብሪካ ስም አያነብም። የታተመበትን ሥዕል ነው የሚያየው። ስለዚህ ባለ ዶሮ አለ፣ ባለ መልሕቅ አለ፣ ባለ ዝሆን አለ።

ባለ ዶሮ፣ 5 ብር። ጎማው በጥፍር ይላጣል። ባለሱቁ ፊት ላጥ አድርጌ አሳየሁት፤ አልወደደልኝም።

ባለ መልሕቅ ደንበኛዬ ኑሪ ሱቅ 11፣ ባለሱቋ እትዬ ዘነበች ዘንድ 10 ከ50። እጀታው የሚያምር፣ ጎማው ጠንካራ። ስፖንጅ ግን የለውም።

ባለ ዝሆን። ጽጌ የምትፈልገው ይኸ ነው። ኑሪ 17 አለ። እ. ዘነበች 18 ብላ ፊቴን አየችና 17 ከ50 አለች። ከወደ ታች አንድ ሱቅ 13 ሲሉኝ ልቤ ዘለለ። መነጽሬን አውጥቼ ሳየው የዝሆኑ ኩምቢ ወደ መሬት ተንጠልጥሏል። የእውነተኛው ኩምቢ ወደ ሰማይ ነው። አስመስለው የሠሩት ነው፤ ስጫነው ስፖንጁ ዳቦ ሆነብኝ። ዝሆኑ እንደኔ ደክሞታል ብያቸው ወጣሁ።

ለአንድ ራኬት ደግሞ ማንም ከልቡ አይከራከርህም። እኔም ዘዴውን አላጣሁትም። የደርዘኑን ዋጋ ትጠይቃለህ፣ ለአሥራ ሁለት ታካፍላለህ፣ ነጋዴው እስከ የት መውረድ እንደሚችል ይታይሃል። ከዚያ በነጋታው መጥተህ ለአንዷ ትከራከራለህ። ኑሪን ደርዘኑን ስንት ትላለህ አልኩት። ኑሪ ከስልጤ አገር የመጣ ወጣት ነጋዴ ነው፤ ሳቅ ይወዳል፤ ሰዓቱንም የምጠግንለት እኔ ነኝ። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። ሰዓት ጠጋኝ ደርዘን ራኬት ምን ያደርግለታል?

እዚህ ላይ ነው ምላሴ ያመለጠኝ። ትእዛዝ ወጥቷል አልኩት። ሠራተኛው ከምሳ በኋላ እንዳያንቀላፋ መሥሪያ ቤት ሁሉ የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ ሊያቆም ነው። ግዢውን የያዘው ሰው ወዳጄ ነው፤ ዋጋ አጣራልኝ ብሎ ለምኖኛል። ፊቴን ደግሞ እንደ ዳኛ አኮሳትሬዋለሁ። ለማንም እንዳትነግር አልኩት። ይህን መርካቶ ውስጥ መናገር ጡሩንባ መንፋት ነው፤ ይጠፋኛል? ግን ደክሞኝ ነበር። ሲደክመኝ ቀልድ ይመጣብኛል።

ደርዘኑ 168 አለኝ። አንዷ 14 ማለት ነው። በአሥራ አምስቴ ትገባለች፣ ያውም ለኳስ ተርፎ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11።

የአንድ ሾፌር ሰዓት ቀኑን በላው። ውስጡ አሸዋ። ይሄ ሰው ሰዓቱን አስሮ ነው እንዴ አሸዋ የሚጭነው? ራኬቱ ነገ። ዓይኔ ይቃጠላል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12። 10 ሰዓት።

ከተማው ሁሉ ቆሻሻውን ያቃጥላል። ኅዳር ሲታጠን እንዲህ ነው፤ በሽታውን ከነጉዱ ያባርራል ይላሉ። እኔን ሊያባርረኝ ምንም አልቀረው። እያሳልኩ ኑሪ ዘንድ ደረስኩ።

መደርደሪያው ላይ ባለ ዝሆን የለም። ባለ መልሕቅ አለ፣ ባለ ዶሮ ፊት ለፊት ተሰቅሏል። ዝሆኑ የት ገባ አልኩት። ከውስጥ አለ አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ዋጋውስ? ሃያ። አሳለኝ። ጢሱ አይደለም። እኔው ራሴ ያልኩትን መልሶ ነገረኝ፤ ትእዛዝ ወጥቶ የለም እንዴ ጋሼ፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ ያሉኝ? ለእርስዎ ስለሆነ ነው ሃያ ያልኩት፣ ለሌላ ሃያ ሁለት ነው አለ። ውለታ ዋለልኝ።

አመስግኜ ወጣሁ። ምን ልበል?

ዓርብ፣ ኅዳር 13። ጠዋት።

እ. ዘነበች ገና ሱቋን ስትከፍት ደረስኩ። ሆን ብዬ ነው። የቀኑ የመጀመሪያ ገዢ ባዶ እጁን ከሄደ ገበያዋ ሁሉ እንደሚበላሽባት ታምናለች፤ ከመልቀቅ ዋጋ ቆርጣ ትሸጣለች። ስንቱን ድስትና ፋኖስ በዚህ መንገድ ገዝቻለሁ።

ዛሬ ባዶ እጄን ለቀቀችኝ። እሷ! ይግረምህ። ባለ ዝሆን አልሸጥም፣ ይቀመጣል አለች። ከዚያ ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ ምሥጢር ነገረችኝ። መሥሪያ ቤት ሁሉ ጠረጴዛ ሊያቆም ነው። ትምህርት ቤቶችም አሉበት። ጦር ሠራዊቱም ሳይቀር። ለኑሪ የነገርኩት አንድ ክንድ ጨርቅ ነበር፤ ካባ ሆኖ፣ ጥልፍ ተጨምሮበት ተመለሰልኝ። ይህን ማን አለ ብዬ ጠየቅኋት። እንደ ሕፃን አየችኝ።

«ተካ፣ አንተ እዚያ ሣጥንህ ላይ አቀርቅረህ ዓለም የት እንደደረሰ አታውቅም።»

ከልቧ አዝናልኛለች። ለአንድ አፍታ እኔም ተጠራጠርኩ። እውነት ይሆን እንዴ?

የሌሎቹንም ዋጋ ያዝ። ባለ መልሕቅ 14። ባለ ዶሮ 7። ዳቦው ዝሆን እንኳ 16 ገብቷል፣ ኩምቢውን እንዳንጠለጠለ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14። 9 ሰዓት።

ጽጌ ከሥራ ወጥታ ሣጥኔ ዘንድ መጣች። ገበያው ሰውን እንደ እህል ሲያበጥር ውሎ እሷን ወደኔ ጣላት። ፒንግ ፖንጊት፣ ዛሬ ማንን አሸነፍሽ አልኳት። ታይፑን አሸነፍኩት አለች፤ ሪባኑ ተበጥሶ እጁን ሰጠ። ሳቅን።

ከዚያ ራኬቷን ከቦርሳዋ አወጣች። በአንድ በኩል ጎማው ተገንጥሏል፤ በብስክሌት ጎማ ማጣበቂያ መልሳ ለጥፋዋለች። ማጣበቂያው ደርቆ ጎርበጥበጥ ብሏል። ኳሱ እዚያ ላይ ሲያርፍ ወዴት እንደሚሄድ እኔም አላውቅም፣ ያቺ ያሸነፈችኝም ልጅ አታውቅም አለች። እንደ ጥቅም ቆጥራ ነው የምትነግረኝ። ስለ ገባሁላት ቃል አልጠየቀችም። ይኸ ነው የገደለኝ። አንድ ጊዜ ብትጠይቀኝ ቀልጄ አልፈው ነበር። ዋጋው ትንሽ ተነሥቷል አልኩ፣ ለራሴ በሚመስል ድምፅ።

«ጋሼ፣ አይጨነቁ። ካልተገኘ በዚሁ እጫወታለሁ።»

ከዚያ አባቷ የመጨረሻዋ ይሁን እንዳላት ነገረችኝ። ቅዳሜ ከተሸነፈች ክበቡ ቀረ፤ ከሥራ ወደ ቤት። ይህን ስትል ካልሲዬን እያየች ነበር። ወርዷል አለችና ጎንበስ ብላ ሳበችልኝ። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል። ማንም አልወጣባትም።

ሌላ ነገር አልጽፍም።

ማክ.፣ ኅዳር 17። ከምሳ በኋላ።

ሰኞን ራሴን ስወቅስ ዋልኩ፤ ዛሬ እውነቱን ልናገር ቆረጥኩ። ኑሪ ዘንድ ሄጄ ቁጭ አልኩ። ትእዛዝ የሚባል የለም፣ ከራሴ ፈጥሬ ነው፣ የፈለግሁት አንዲት ራኬት ለወንድሜ ልጅ ነው አልኩት። ሁሉን ነገርኩት፤ ራሰ በራውን ራኬት፣ አሥመራን፣ ቅዳሜን።

ኑሪ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሲረጋጋ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«ጋሼ፣ ይቺን ዘዴ አባቴም ያውቃት ነበር። ዕቃ ሲወደድ ወሬው ውሸት ነው ብለው ዋጋ ሊያወርዱብኝ ነው።»

ማልኩለት። መማሌ አባሰው፤ ጉዳዩ ይሄን ያህል ትልቅ ነው እንዴ ማለት ጀመረ። ስዋሽ ያመነኝ ሰው እውነት ስናገር አላምን አለኝ። ምን አባቴ ላድርግ?

ለነገሩ ቢያምነኝም አይረባኝም። ባለ ዝሆን አልቋል። ትናንት አንድ እህል ነጋዴ ጆንያ ይዞ መጣና ከኑሪም፣ ከእ. ዘነበችም፣ ከወደ ታች ካሉትም ያለውን ጠራርጎ ወሰደው። ዋጋ እንኳ ብዙ አልተከራከረም አለ ኑሪ፣ ቶሎ በመሸጡ እየተቆጨ። ጤፍ የሚነግድ ሰው ራኬት! ማነው አልኩ። እህል በረንዳ ስንት ነጋዴ አለ፣ ስሙን ምን አደርግለታለሁ አለ። ኑሪ ልክ ነው። ጆንያ የያዘ ሰው ማን ስም ይጠይቀዋል?

ስመለስ መንገዱ ረዘመብኝ። ጋሼ ደምሴ ዘንድ ጎራ ብዬ የእህል በረንዳን ወሬ ልጠይቀው አሰብኩ። ተውኩት። ከእናታችን ተዝካር ወዲህ እሱም ደጄን አልረገጠም፣ እኔም ደጁን። ሥራህ የልጅ ጨዋታ ነው አለኝ ያኔ። ይኸው አሁን በእውነት የልጅ ጨዋታ ተጫወትኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19። 11 ሰዓት ተኩል፣ ቤት።

ማጣሪያው ከነገ ወዲያ ነው።

ባለ ዶሮ ገዛሁ። 8 ብር። ባለፈው ሳምንት ሰኞ 5 ነበር፤ ሦስቱን ብር ለገዛ ምላሴ ከፈልኩ በለው። ጎማውን ላጥኩ፤ መላጥስ ሲያንሰው ነው። ከስፖንጅ ነጠላ ጫማዬ ቀጭን አድርጌ ቆረጥኩና ከሥሩ ለጠፍኩ። ሰዓት ጠጋኝ ምን ያቅተዋል ብዬ። በማጉያ መነጽሬ እያየሁ፣ ጠርዙን በምላጭ አስተካክዬ፣ ሲያዩት የሚያምር ራኬት ሆነ። ኳሱን ጣል አደረግሁበት። አልዘለለም። ተኛ። የነጠላ ጫማ ስፖንጅ የሚያውቀው መረገጥን ነው።

አሁን ይኸው አንድ እግር ነጠላ ጫማ፣ የተላጠ ዶሮ፣ የደረቀ ማጣበቂያ ጣቴ ላይ። ነገ ጠዋት ጽጌ መሥሪያ ቤት ሳትገባ መንገድ ላይ አግኝቼ ሁሉንም እነግራታለሁ። ባለ ዝሆኑን ያስወደድኩብሽ እኔ ነኝ እላታለሁ። ትሥቃለች። ያ ነው የምፈራው፤ ለኔ ስትል ትሥቃለች። ከዚያ ቅዳሜ በዚያ ጎርበጥባጣ

በር ተንኳኳ። በዚህ ሰዓት ማን ይመጣብኛል? ሰዓት የሰጠኝ ሁሉ ቤቴን አያውቅም።

በመስኮቱ አየሁ። ጥቁር ጃንጥላ፣ ዝናብ በሌለበት። ጋሼ ደምሴ። ደጄ ላይ! የሞተ ሰው አለ ብዬ ክው አልኩ። ከኋላው ኩሊ ቆሟል፣ ጆንያ ተሸክሞ። ለእርቅ ጤፍ አመጣልኝ?

ኩሊው ጆንያውን ደረጃዬ ላይ አወረደው። ቋ፣ ቋ፣ ቋ አለ። እንጨት ከእንጨት።

ጤፍ እንዲህ አይልም።

ቁጭ አልኩ። ወንድሜ ከውጭ ይናገራል፣ ጎረቤት እንዳይሰማበት ቀስ ብሎ።

«ተካ፣ ክፈትልኝ። ለመሥሪያ ቤቶቹ የሚገዛውን ሰው የምታውቀው አንተ ነህ አሉ።»

ለእንጨት ጭልፋ ሳንቲም አላወጣም ያለው ሰው የመርካቶን ጭልፋ ሁሉ ጆንያ ውስጥ ከቶ መጥቷል። መሣቅም አቃተኝ፣ ማዘንም አቃተኝ። የጤፉ ገንዘብ ነው የገባበት፤ ያስገባሁትም እኔ ነኝ። ደግሞ አንኳኳ።

እሺ። ወስኛለሁ። እውነቱን ዛሬውኑ እነግረዋለሁ፣ ገዢ የለም፣ የፈጠርኩት እኔ ነኝ ብዬ፤ ጆንያውንም አብሬው ሱቅ ለሱቅ እየዞርኩ እመልሳለሁ፣ ጉልበቴ የፈለገውን ይበል። ነገር ግን በቅድሚያ ለገዢው ናሙና ያስፈልጋል እለዋለሁ። አንድ ባለ ዝሆን፣ ኩምቢው ወደ ላይ የሆነ፣ ከጆንያው ወጥቶ እጄ ከገባ በኋላ ነው አፌን የምከፍተው።

ካልሲዬ ወርዷል። ይውረድ። መጣሁ ጋሼ፣ መጣ