የአባትህ ኮምጣጤ

ልጄ ፋብየን፣ በረዶ በማያውቀው አገር ፈጣሪ ከነጤናህ ያኑርህ። እኛ ደህና ነን፤ ድመቷም ወፍራለች። የሞንትሪያል መንገድ እንደ ወትሮው በረዶ ለማቅለጥ በሚበተነው ጨው ጠግቧል።

እህትህ ሚርየል ከበረዶው ስትገባ በቦቷ የምትቀይረውን ጫማ አውቶቡስ ላይ ረስታ፣ ማክሰኞ ለርዕሰ መምህርነት ቃለ መጠይቅ በቦት ጫማ መሄዷ ግድ ሆነ። ቦቱ ደግሞ ነጭ የጨው ካርታ ተስሎበታል። ልታለቅስ ስትል አባትህ፣ ያ እንቁላል መቀቀል የማይችለው ሰው፣ እንደ ቀዶ ሐኪም እጅጌውን ሰብስቦ ደረሰ። ኮምጣጤና ውኃ እኩል ቀላቅሎ በጨርቅ ቀስ እያለ አበሰው።

«አባዬ፣ ፈትገው እንጂ!»

«ቆዳውን ልላጠው? ዝም ብለሽ ቁሚ!»

ጫማው መስተዋት መሰለ። ወይ ሙያ! ሽታውን በንጹሕ ውኃ ማስለቀቁን ግን ረሳው።

የጠያቂዎቹ ሰብሳቢ ገና ሚርየል ስትቀመጥ አሸተቱ።

«ኮምጣጤ ነው?»

ሚርየል ቦቷን ከወንበሩ ሥር ሸሸገች። «አዎ... አባቴ ነው።»

«እፎይ! እኔ ብቻ የምሸት መስሎኝ ስሳቀቅ ነበር» ብለው በኮምጣጤ የታበሰውን የራሳቸውን ቦት ብቅ አደረጉ። ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ፤ የሚርየልም ፍርሃት አብሮ ሄደ። ሰኞ ሥራ ትጀምራለች።

አባትህ ከዚያ ወዲህ የጎረቤቱን ጫማ ሁሉ እየዞረ ይመረምራል። እግዚአብሔር ይጠብቅህ ልጄ፤ ደውልና አመስግነው፤ ግን አደራህን ባጭሩ፣ አለዚያ የአንተንም ጫማ በስልክ ልመርምር ይላል።

እናትህ