የአባዬ ሃያ ደቂቃ

መርካቶ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሰዓድ፦

አላህ ባለህበት ይጠብቅህ። ስልኬን አላነሳ ብትለኝ ይህን ወረቀት እንዳንተው መኪና ይዞ ወደ ሎጊያ ለሚወርድ ሾፌር ሰጥቼዋለሁ። ሱቁን አልረከብም ብለህ ከአባዬ ጋር ከተጣላህ ሁለት ዓመት ሞላህ። ሱቁ አሁንም ክፍት ነው፤ በርበሬውንም ቅመሙንም እማዬ ብቻዋን ይዛዋለች። አባዬ ወገቡን ካመመው ሦስት ወሩ ነው።

ትናንት የአጥንት ምርመራ ታዞለት እኔ ከምሠራበት ሆስፒታል መጣ። ሥራዬን ታውቀዋለህ፤ ጨረር ያለው መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል፣ ካሜራው ከአጥንት የሚወጣውን ጨረር እየቆጠረ ሥዕል ይሠራል። ጠዋት ወጋነው። ቀትር ላይ ሥዕሉን ልናነሳው ስንል ካሜራው አልሠራም አለ፤ ተጠግኖ ሲያልቅ ማታ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። የመድኃኒቱ ኃይል ደግሞ በየስድስት ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል።

ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ለጥሩ ሥዕል አምስት መቶ ሺህ ቆጠራ ያስፈልጋል። ቀትር ላይ በደቂቃ ሃምሳ ሺህ እናገኝ ስለነበር ዐሥር ደቂቃ ይበቃው ነበር። አሁን የምናገኘው ሃያ አምስት ሺህ ነው። ስለዚህ ሃያ ደቂቃ፣ በጀርባው ተኝቶ፣ ሳይንቀሳቀስ።

"ሃያ?" አለ አባዬ። "ዐሥራ ሁለት አድርጊውና እንስማማ።"

"እዚህ ቅናሽ የለም አባዬ። ካሳጠርኩት ሥዕሉ ይደበዝዛል፤ ትንሽ ነገር ቢኖር አይታይም።"

"ባይታይስ?"

እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ባይታይ በወደድኩ። ግን ማሽኑ ላይ ሃያ ብዬ ሞላሁት።

ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ግንባሩን ላብ አጠመቀው። "አልቻልኩም፣ አንሺኝ" አለ። ከተነሳ እንደገና ከዜሮ ልንጀምር ነው። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ "ሰዓድ ደውሎ ነበር" አልኩት።

"ምን አለሽ?"

"ናፍቆኛል፣ መጥቼ አየዋለሁ አለ።"

"ስለ ሱቁስ?"

"ስለ ሱቁ አላነሳም።"

"ተይው። እሱ ከልጅነቱ መኪና ነው የሚወደው፤ እኔ ነኝ ያበዛሁት።"

ከዚያ ማሽኑ እስኪቆም ንቅንቅ አላለም።

የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ እውነት ማድረግ ግን በአንተ እጅ ነው።

ሥዕሉ ጥርት ብሎ ወጥቷል። እኔ አነሳለሁ እንጂ አላነብም፤ ውጤቱን ዶክተሯ ሰኞ ትነግረዋለች። አንተ ሰኞን አትጠብቅ። መኪናውን ለጓደኛህ አደራ ሰጥተህም ቢሆን ና። እማዬ ሐኪሞቹ ምን እንደጠረጠሩ አታውቅምና ስትገባ ፊትህን ፈታ አድርግ።

አላህ መንገድህን አቅንቶ በሰላም ያድርስህ።

እህትህ ማሂራ